ስምንተኛው ምዕራፍ ማሽን ሳይገባ

መጽሐፌ ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ማሽን ሊገባ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ በከተማዬ በመሐል ሜዳ መናኸሪያ አንድ የማውቀውን ሰው አግኝቼ ሰላም አልኩት። ሳላየው ባልፍ ይሻለኝ ነበር።

ሰውየው ከቀየት ማዶ ካለች መንደር የመጣ ገበሬ ነው። በመንደሩ የበግ አርቢዎች ማኅበር አለ፤ እሱም አባል ነው። ለዚያ ማኅበር ከሦስት ዓመት በፊት በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ጤናውና ስለ ዝናቡ ከተጠያየቅን በኋላ፣ የዳራትን ልጁን ደኅንነት እንደሚጠይቅ አባት ሥራዬን ጠየቅኩት።

"ስልኩስ? እንዴት ይዟችኋል?"

"የቱ ስልክ?"

"የማኅበሩ ነዋ። በጎቹ የሚመዘገቡበት።"

"እ! የእርስዎን ስልክ!" ፊቱ በራ። "እሱማ በደኅና ተቀምጧል። ሊቀ መንበሩ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው፤ አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልለነዋል። እርስዎ ሲመጡ አይደል የሚወጣው?"

ይህን ያለኝ እንደ ምስጋና ነው። ስልኬን ምን ያህል እንደሚያከብሩልኝ ሊነግረኝ ፈልጎ። እኔ ግን የምሄድበትን ትቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሰው ለምን እንደተረበሽኩ እንዲገባው ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እኔ የተማርኩት ገበያ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ዘግቼ በግ መነገድ ጀመርኩ፤ ከዚያ ቆዳ፣ ከዚያ የራዲዮ ባትሪ፣ ከዚያ የስልክ ቀፎ። ቀፎው ሲበላሽ መጠገን ለመድኩ። ከቀፎ ወደ ኮምፒውተር ተሻገርኩ። ኮምፒውተሩን አንዴ ከከፈትኩት ወዲያ፣ ውስጡ ያለው ጽሑፍ ምን እንደሚያዝዘው ሳላውቅ መዝጋት አቃተኝ። ይኸው ፕሮግራም ስጽፍ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ከተማው እስካሁን "ቻርጀር ሻጩ" ነው የሚለኝ፤ ቻርጀር መሸጥ ካቆምኩ ስንት ጊዜዬ።

በሃያ ዓመት ውስጥ ብዙ የአሠራር ዘዴ አይቻለሁ። ከሁሉም ልቤን የወሰደው አጃይል የሚሉት ነው። ጠቅለል ሲል ይኸው ነው፦ ሥራውን አንድ ዓመት ደብቀህ ሠርተህ በመጨረሻ "እንካ" አትልም። ትንሽ ትሠራለህ፣ በየሁለት ሳምንቱ ለባለጉዳዩ ታሳያለህ፣ የሚልህን ትሰማለህ፣ ታስተካክላለህ፣ ደግሞ ትመለሳለህ። ለነጋዴ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ኩንታል እቃ ከማምጣትህ በፊት አንድ ኪሎ አምጥተህ ገበያውን ታያለህ። ፈረንጆቹ ስም ሰጥተውት ባየሁ ጊዜ፣ እኔስ ይህን የገበያ ብልሃት ለምን በአማርኛ አልጽፈውም አልኩ። አራት ዓመት ጻፍኩ። ከመጽሐፉ ሁሉ ዓምዱ ስምንተኛው ምዕራፍ ነው። እስከ ሰባተኛው ድረስ "እንዲህ አድርጉ" እላለሁ፤ በስምንተኛው "እኔ አድርጌ አየሁት" እላለሁ። ያየሁት ደግሞ በዚያ ማኅበር ነው።

የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነው። ጥሩ ጥሩ አውራ በጎች በጋራ ይመረጣሉ፤ ከቤት ቤት ይዞራሉ። አውራው የገዛ ልጆቹን አጥቅቶ እንዳያስረግዝ በየጊዜው ይቀያየራል። ለዚህ የትኛዋ እናት በግ ከየትኛው አውራ እንደወለደች ማወቅ ያስፈልጋል። የእኔ ፕሮግራም ይህን ይመዘግባል። አንድ ዓመት ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ በዚያ ብርድ እየተመላለስኩ አሳየኋቸው፤ ካለቀም በኋላ በየሁለት ወሩ አልቀረሁም። ስልኩ ላይ ግልገሎች ሲበዙ አየሁ። ሜዳው ላይም የእውነት በጎቹ ወፍረው፣ ከሌላ ወረዳ ድረስ አውራ ሊገዛ የሚመጣ ሰው በዝቶ አየሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ጻፍኩት። አሳምሬ ጻፍኩት።

ሐሙስ ከመናኸሪያው ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ግልገሎቹ የተመዘገቡበትን ቀን በተርታ አወጣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተመዘገበው ሁሉ የገባው እኔ ወደ መንደሩ በሄድኩ ቁጥር በዋዜማው ነው። አንድም ሳያመልጥ። ይህን ድሮም አይቼው ነበር። "ኔትዎርክ አስቸግሯቸው፣ አጠራቅመው ነው የሚልኩት" ብዬ አልፌዋለሁ። ሰው ሊያየው የማይፈልገውን ነገር ኔትዎርክ ላይ ማላከክ ይወዳል።

ፕሮግራም ብቻ ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም። ፕሮግራም ስህተት ቢገኝበት በማግሥቱ ታርመዋለህ፤ ባለቤቱ ሳያውቅም ልታርመው ትችላለህ። መጽሐፍ ግን ከወጣ ወጣ ነው። ይህን በመጀመሪያው መጽሐፌ ተምሬዋለሁ። ስለ ኮምፒውተር አያያዝ የጻፍኳት ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አንዲት ትእዛዝ ተሳስቼ አስገባሁ። አንድ ፎቶ አንሺ ያንን ገጽ ተከትሎ የአንዲት ሙሽራን የሠርግ ፎቶ በሙሉ ደመሰሰው። ሙሽራዋ ፎቶ አንሺውን ትታ እኔ ዘንድ መጣች፤ ሱቄ በር ላይ ቆማ "ሠርጌን መልስልኝ" አለችኝ። ምን ይመለሳል? ባሏን ይዛ ደግማ ብትሞሸር እንኳ እናቷ በመካከሉ ሞተዋል። ያን ቀን የተነሡትን ፎቶ ነው የጠየቀችኝ።

ዓርብም ቅዳሜም እህል አልወረደልኝም። ለአታሚው ደውዬ "ትንሽ ይቆይ" ልለው ሁለት ጊዜ ስልኬን አንሥቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። ወረፋዬ ካለፈ ከበዓሉ በኋላ እንደሆነ ነግሮኛል፤ የቱ በዓል እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

እሑድ ማለዳ በሚኒባስ ቀየት ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በእግሬ ሄድኩ። እንደምመጣ ለማንም አልነገርኩም። ቅዳሴ ሲወጣ ደረስኩ። የማኅበሩ ሰዎች እንደ ወትሯቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ፣ ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ሲያዩኝ ደነገጡ። ከኔ አልፈው የማኅበሩን ጸሐፊ አዩት። ጸሐፊው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ እሱ ደግሞ መሬት መሬት አየ።

"ምነው ልጄ፣ ሳትነግረን?"

"መጽሐፍ ልጽፍ ነው ብዬዎት አልነበረም? ስለ እናንተ የጻፍኩትን ላነብላችሁ ነው የመጣሁት።"

ተቀምጬ ስምንተኛውን ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላቸው። በጸጥታ ሰሙኝ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጨርስ ሊቀ መንበሩ "እግዜር ይስጥልን፤ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል" አሉ። ሌሎቹም "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" አሉ።

ያቺን "ጥሩ ነው" አወቅኋት። ለአንድ ዓመት በየአሥራ አምስት ቀኑ የሰማኋት ናት፤ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። አጥብቄ ጠየቅኳቸው።

"ያልሆነ ነገር የጻፍኩበት ቦታ አለ?"

"ኧረ ምን ያልሆነ ነገር!"

ያን ጊዜ ነው የገዛ ሙያዬ ትዝ ያለኝ። በግ ስነግድ አንድም ቀን ባለቤቱን "በግህ ወፍራም ነው ወይ?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እጄን ሰድጄ ጀርባውን እጨብጣለሁ እንጂ። ፕሮግራም ጸሐፊ ስሆን ነው ባለቤቱን መጠየቅ የጀመርኩት።

ስልኬን አወጣሁ። "ቁጥር አሥራ ሁለትን አሳዩኝ" አልኩ። "ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት እናት በግ። ከሁለት ወር በፊት መንታ ወልዳለች ይላል።"

ጸሐፊው ሳል ያዘው።

"የማን ናት?" አልኩ።

"የኔ ናት" አሉ ከዳር የተቀመጡ ባልቴት። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በማኅበሩ ውስጥ ብዙ በግ ካላቸው አንዷ ናቸው። "የኔ ነበረች። አንተዬ፣ እሷን ነው የምትፈልግ? የባሌ ተዝካር ላይ አርደናት የለም እንዴ!"

"መቼ?"

"ሁለት ዓመት አለፈው። አንተም መጥተህ አልነበር? ጎድኑን ማን ነው የሰጠህ?"

ትዝ አለኝ። ጎድኑ ጥሩ ነበር።

"እትዬ፣ እዚህ ላይ ግን ከሁለት ወር በፊት ወለደች ይላል። መንታ።"

"እንግዲህ ሰማይ ቤት ነዋ የወለደችው!" አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ሌላውንም ያዘው። አንዱ ከኋላ "እዚያ ግጦሹ ጥሩ ነው" አለ። ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና እኔ ብቻ አልሳቅንም።

"ቁጥር ሰባትስ?" አልኩ።

"ጅብ በላት" አለ አንዱ።

"ሃያ ሦስት?"

"ገደል ገባች። እሷም ከርማለች።"

አንድ አሥር ያህል ጠራሁ። በሕይወት ያለች አንድም አልነበረችም። በሦስት ዓመት ውስጥ በፕሮግራሜ ላይ የወለዱት በጎች ሁሉ የሞቱ ናቸው።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ቀና አለ። አስተማሪ ስለነበረ ሲናዘዝም በሥርዓት ነው። "ልንገርህ" አለኝ። "ስልክህ ግልገል በተወለደ በሦስት ቀን ውስጥ ካልተጻፈ ይቀላል። ቀይ ይሆናል። እኛ ዘንድ ደግሞ ግልገል ሣር መንጨት ሳይጀምር አይቆጠርም፤ ይህን ያህል ተወለደልኝ አይባልም። ዓይን አለ። ሰዎቹ የግልገሎቻቸውን ቁጥር አልሰጥም አሉኝ። አንተ ደግሞ ትመጣለህ፤ ቀይ ሆኖ ስታይ ፊትህ ይጠቁራል። ምን ላድርግ? የሞተችውን በግ ዓይን አይበላትም። የሞቱትን አስወለድኳቸው።"

"ለምን አልነገራችሁኝም? ሁልጊዜ 'እንዴት ነው ፕሮግራሙ?' ብዬ ጠይቄያለሁ።"

ሊቀ መንበሩ መለሱልኝ። "ልጄ፣ ከመሐል ሜዳ ድረስ ብርዱን ችለህ ትመጣለህ። ለአንተ የሚሆን በሶ እንጂ ሌላ የሌለበት ቀን ነበረ። እንግዳን በሶ አብልቶ 'ሥራህም አይረባም' ብሎ መስደድ ነውር አይደለም?"

"ታዲያ አውራውን እንዴት ታቀያይራላችሁ? የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች በምን ታውቃላችሁ?"

ባልቴቷ በመገረም አዩኝ። "በምን ማለት?" በጣታቸው አንድ ሁለት እያሉ ከቅጥሩ ማዶ ከምትግጠው በጋቸው ጀመሩ። የእሷን እናት፣ የእናቷን እናት፣ ያጠቋቸውን አውራዎች፣ አውራዎቹ የየትኛው ቤት እንደነበሩ፣ እስከ አምስት ትውልድ ቆጠሩልኝ። አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳቱ ሦስት ሰው ባንድ ላይ "አይደለም፣ ቡላው አውራ ነው!" ብሎ አረማቸው። እሳቸውም "እውነት፣ ቡላው" ብለው ቀጠሉ። የሚሠራው ፕሮግራም ይህ ነበር። አጠገቡ አንድ ዓመት ስመላለስ አላየሁትም።

ኔትዎርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። ለአታሚው ልደውል ብዬ ወጣሁ፤ ስወጣም ከራሴ ጋር ስገበያይ ወጣሁ። ማኅበሩ ተሳክቶለታል፤ ይህ እውነት ነው። በጎቹ ወፍረዋል፤ ይህም እውነት ነው። ፕሮግራሙ አለ። የሄድኩት ሄጃለሁ። በምዕራፉ ውስጥ ውሸት የሆነው "ስለዚህ" የምትለዋ አንዲት ቃል ብቻ ናት። ለአንዲት ቃል የአራት ዓመት ሥራ ይቆማል? ማንስ መጥቶ ቁጥር አሥራ ሁለትን ይጠይቃል?

ይህን ክርክር የሚገዛኝ ቢገኝ እሸጠው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴ ግማሽ መንገድ ድረስ ሸጬው ነበር። ግን ይህን መጽሐፍ የሚያነበው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እንደኔ ያለ፣ ቀፎ ከመጠገን ጀምሮ ፕሮግራም የለመደ ሰው ነው። ምዕራፍ ስምንትን አንብቦ አንዱ ቀበሌ ይሄዳል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ "እንዴት ነው?" ይላል፤ "ጥሩ ነው" ይሉታል። ይህን ሳስብ ሱቄ በር ላይ የቆመችው ሙሽራ መጣችብኝ፤ አሁን ግን ብቻዋን አልነበረችም።

አታሚው እሑድ ቢሆንም አነሣ።

"ወንድሜ፣ ነገ እንዳታስገባው።"

"ቀልድህን ነው?"

"ስምንተኛው ምዕራፍ ትክክል አይደለም።"

"አውጣውና ዘጠነኛውን ስምንተኛ በለው። ማን ይቆጥራል?"

"ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።"

"ጋሼ፣ ስማኝ፤ ነገ ሌላ ሰው አስገባለሁ። ከዚያ በኋላ ወረፋው መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም። ወረቀትም ይኑር አይኑር አላውቅም። ገባህ?"

"ገብቶኛል።"

"ስትጨርስ ደውል" አለና ዘጋው። ጉብታው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ይቀልለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። አንድ ጭንቀት ሄዶ ሌላው ቦታውን ያዘ፦ እውነተኛውን ምዕራፍ መጻፍ እችል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ስወርድ ሰዎቹ አልተበተኑም። ሊቀ መንበሩ ከድንጋዩ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

"ደወልክ?"

"ደወልኩ። ቆሟል። እውነተኛውን እጽፋለሁ።"

ያን ጊዜ የእሳቸው ፊት ተለወጠ። "እውነተኛውን ስትል፣ የሞቱትን አስወለዱ ብለህ?"

"አዎ።"

"ልጄ፣ አውራ የሚገዛን ሰው የሚገዛው ቃላችንን አምኖ ነው። 'ይህ የዚያ ልጅ ነው' ስንለው አምኖ። በመጽሐፍ ሐሰተኛ ብለህ ካወጣኸን ነገ ማን ያምነናል?"

ለካ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ስሜ ስጨነቅ፣ የእነሱም ስም በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው። አላሰብኩትም ነበር። "የመንደሩን ስም አላነሣም" አልኩ። "ማን አይለየንም?" አሉ። ይህም እውነት ነው፤ አውራ በግ በጋራ የሚያዞር መንደር በየቦታው የለም።

"እንግዲያው አብረን እንጻፈው" አልኩ። "እየጻፍኩ አነብላችኋለሁ። ያልሆነውን አይደለም ትሉኛላችሁ። ጥሩ ነው የሚል ሰው ካለ ይነሣና ይሂድ።"

"በስንት በስንት ቀን ልትመጣ?" አሉ ባልቴቷ።

"በየአሥራ አምስት ቀኑ።"

"ወየው! ደሞ ጀመረን!"

የምዕራፉን ወረቀት ገልብጬ በጀርባው ላይ ጻፍኩ፤ አነበብኩላቸውም፦ "የማኅበሩ አባላት ለሦስት ዓመት ዋሹኝ።"

"ቁም!" አሉ ባልቴቷ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከዚያች መንደር የተሰነዘረልኝ የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው። "ማን ዋሸህ? እኔ ዋሽቼህ አላውቅም። ስለ በጌ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

አስቤ አየሁት። አልጠየቅኋቸውም። ስለ ስልኩ ነው የጠየቅኋቸው። ሰረዝኩት። "አባላቱን ስለ በጎቻቸው ሳልጠይቅ ፕሮግራም ሠራሁላቸው" ብዬ ጻፍኩ።

"ይህ ደኅና ነው" አሉ ሊቀ መንበሩ።

"ደኅና ነው አይባልም" አላቸው ጸሐፊው። "አሁን ምን ተባባልን?"

"እሺ፤ ልክ ነው።"

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ግልገል ለምን እንደማይቆጠር የሚናገር ነበር። እዚያ ላይ እርስ በርሳቸው ተጣሉ። አንዱ ሣር እስኪነጭ ነው ሲል፣ ሌላው የለም አርባ ቀን እስኪሞላው ነው አለ። ባልቴቷ የሁለቱንም አልተቀበሉም። ስንከራከር መኪናው አለፈኝ፤ እዚያው አደርኩ።

ሰኞ ጠዋት፣ አዲስ አበባ ላይ ማሽኑ የሌላ ሰው መጽሐፍ ይዞ በተነሣበት ሰዓት፣ እኔ ሊቀ መንበሩ ደጅ ላይ እርሳሴን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ገና አላለቀም፤ ለምስክርነት ቄሱ ይጠሩ ተብሎ እየጠበቅን ነው።